እስከ አራተኛው መዝሙር

በቀን ሦስት ጊዜ፣ የመጨረሻዋን ማንኪያ ከዋጡ በኋላ፣ ሽማግሌ ሃርመን ቬልትማን ሳህናቸውን አንድ ስንዝር ወደፊት ይገፋሉ፤ የቀኝ አውራ ጣታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረግ ያደርጋሉ፤ ከዚያም መጽሐፍ ቅዱሱን ወደ ራሳቸው ይስባሉ። ቀጥሎ ስለሚሆነው በተራው እናገራለሁ። ያለ ተራው የተነገረ ነገር እሳቸውም አይወዱም።

እግዚአብሔር በሰባተኛው ቀን ባረፈ ጊዜ ዓለምን በአደራ ተረከብኩ ብሎ የሚያምን አንድ ሰው በየአጥቢያው አይጠፋም። ፓስተሮች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ እሱ ይቆያል። ጸሎት ሲረዝም ሰዓቱን፣ ሲያጥር ፓስተሩን ያያል። ከመዝሙር አንድ አንጓ ቢዘለል የተዘለለችውን ለብቻው ይዘምራታል። የእኛ፣ የኒው ድሬንት ሰዎች፣ ባለአደራ አጎቴ ሃርመን ነበሩ። የሥጋ ዘመዴ አይደሉም፤ በኒው ድሬንት ስድሳ ዓመት ያለፈው ሁሉ የሁሉም አጎት ወይም የሁሉም አክስት ነው። ከተማችን አይዋ በሚባል የእርሻ ግዛት ውስጥ በበቆሎና በአሳማ መካከል የተቀመጠች ናት። አያቶቻችን ከሆላንድ ሲመጡ ከያዙት ዕቃ እስከ ዛሬ ያልተሰበረው ዐሥርቱ ትእዛዛትና ጥቂት ሰማያዊ ሳህኖች ብቻ ነው፤ ሳህኖቹም ቢሆኑ ተሰነጣጥቀዋል።

በቤተ ክርስቲያናችን እሑድ እሑድ ጠዋት ዐሥሩ ትእዛዛት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነበባሉ። ከዚያ በኋላ ሕጉ ሁሉ የተንጠለጠለው እግዚአብሔርንና ባልንጀራን በመውደድ ላይ እንደሆነ ይነገረናል። ፓስተር ሮልፍ ገና በመጣ ዓመት፣ አንድ እሑድ ሰዓት ቢያጥረው፣ ዐሥሩን ትቶ ፍቅሩን ብቻ አነበበ። አጎቴ ሃርመን በሩ ላይ ጠበቁት።

«ፓስተር፣ ዛሬ ሕጉ ወዴት ሄደ?»

«አጎቴ፣ ሁሉም እኮ በፍቅር ተጠቃሏል።»

«ሚስትህ ውሃ አምጣልኝ፣ በሩን ዝጋልኝ፣ ልጁን ያዝልኝ ስትልህ፣ እወድሻለሁ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ተጠቃሏል ብለህ ትተኛለህ?»

የፓስተሩ ሚስት ሕፃኑን ታቅፋ ከኋላ ቆማ ነበር። «አዎ፣ ይተኛል» አለች።

በሚቀጥለው እሑድ ዐሥሩም በቦታቸው ነበሩ።

አንድ የማትለያቸው አባባል ነበረቻቸው፦ «ፍቅር አቋራጭ አያውቅም።» የሰንበት ትምህርት አርፍዶ የሚመጣ ይሰማታል፤ ለታመመ ሰው አበባ በሌላ ሰው እጅ የሚልክ ይሰማታል፤ በሠርጉ ዋዜማ የጋብቻ ትምህርቱን አሳጥሩልኝ የሚል ሙሽራማ ሁለት ጊዜ ይሰማታል።

በሰንበት ሣር አይታጨድም፣ አይገዛም፣ አይሸጥም። ሐይቁ ውስጥ መቆም ይፈቀዳል፤ መዋኘት አይፈቀድም። ወሰኑ ጉልበት ነው። ወሰኑን ማን እንዳሰመረው አይታወቅም፤ ማን እንደሚጠብቀው ግን እናውቃለን። አጎቴ ሃርመን ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ ሐይቁ ዳር ይቆማሉ። ውሃው ጉልበታችንን ሊያልፍ ሲል አንድ ቃል ብቻ ይናገራሉ፦ «ጉልበት።» ድምፃቸው ከፍ አይልም። ከሐይቁ ማዶ ያሉት ልጆች ግን ወደ ኋላ ይመለሳሉ።

ደረቅ ሰው ናቸው እንዳትሉ። የጎረቤታቸው የዳውዋ አሳማዎች አንድ እሑድ አጥር ጥሰው ሲበተኑ ዳውዋ ራሱ አልጋው ላይ በጀርባ ሕመም ተጋድሞ ነበር። በሰንበት ጉድጓድ የገባ በሬ ይወጣል፤ አሳማም እንደ በሬ ይቆጠራል ብለው ፈረዱና፣ ከነሙሉ ልብሳቸው ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አርባ አሳማ ሲያሳድዱ ዋሉ። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ዳውዋ እያነከሰ ቢወጣ አጥሩ በአዲስ እንጨት ታጥሮ፣ አጎቴ ሃርመንም አጠገቡ ቆመው አገኛቸው። የቆሙት ሊቆጡ ነበር።

«ቅዳሜ ማጠር ነበረብህ።»

«አጥረውልኛል እኮ፣ አጎቴ።»

«አጥሬልሃለሁ። ቅዳሜ ግን አልነበረም።»

በየዓመቱ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እየዞሩ በየቤቱ ስለ ነፍስ ይጠይቃሉ። አጎቴ ሃርመንና አንድ ሌላ ሽማግሌ እኛ ቤት በመጡ ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እንኳን ስለ ነፍሴ፣ ስለ አየሩ ብጠየቅም የምደነግጥ ልጅ ነበርኩ። «ልጄ፣ እግዚአብሔርን ትወጂዋለሽ?» አሉኝ አጎቴ ሃርመን። ራሴን ነቀነቅሁ። «በምን ይታወቃል?» ዝም አልኩ። አባቴ አሳለ። ሌላኛው ሽማግሌ ሊያልፉልኝ ፈልገው ነበር፤ አጎቴ ሃርመን ግን ዝምታንም በአቋራጭ አያልፉም፣ ጠበቁኝ። በመጨረሻ «ለእናቴ ሳህን አጥባለሁ» አልኩ። ማስታወሻቸው ላይ ጻፉትና ተነሡ። «እንሂድ፤ ይህ ቤት ደህና ነው።»

አሁን ወደ ንባቡ። በቬልትማን ቤት ከእያንዳንዱ ማዕድ በኋላ አንድ ምዕራፍ ይነበባል፤ ከዘፍጥረት እስከ ራእይ፣ ምንም ሳይዘለል። ራእይ ሲያልቅ ወደ ዘፍጥረት ይመለሳል። ብዙዎቻችን ቤት እንዲህ ነው የሚነበበው፤ ግን የስም ዝርዝር ሲመጣ ገጹን ሁለት ሁለት አድርጎ መግለጥን ጣቶቻችን ያውቁበታል። የአጎቴ ሃርመን ጣት አያውቅም። የልጃቸው የማርግሪት ሠርግ ምሳ እዚያው ቤት ተበላና ተራው የደረሰው ምዕራፍ የዘሌዋውያን ዐሥራ ሦስተኛው ሆነ፤ ስለ ለምጽ ሃምሳ ዘጠኝ ቁጥር። ስለ እባጭ፣ ስለ ቋቁቻ፣ ስለ ራሰ በራ። ከቺካጎ የመጡት የሙሽራው እናት ሹካቸውን አስቀመጡ። አይስ ክሬሙ ቀልጦ ወጥ መሰለ። አንዱ የአጎት ልጅ ደፍሮ፣ «ለዛሬ እንኳ ስለ ፍቅር የሚናገረውን ብናነብ?» አለ።

አጎቴ ሃርመን በጣታቸው ቁጥሩን ይዘው ቀና አሉ። «ሰው ስትወድ የሚናገረውን ሁሉ ትሰማለህ። የሚጣፍጥህን ብቻ መርጠህ ከሰማህ ራስህን ነው የምታዳምጠው። ፍቅር አቋራጭ አያውቅም።»

ሚስታቸው አክስቴ ያንቲና ወደ እኛ ዘንበል ብለው፣ «የእኔን ሲሰማ ግን ግማሹን ይዘላል» አሉ። ሳቅን። እሳቸው ከአርባኛው ቁጥር ቀጠሉ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ በቆሎ በሚሰበሰብበት ወር፣ አክስቴ ያንቲና ታመሙ። ሐኪሙ ቆሽታቸው ላይ ያለው ካንሰር ተሠራጭቷል፣ ሁለት ሳምንት ነው፣ ምናልባት ሦስት፣ አላቸው። ኮምባይነሩን ዳውዋ ያዘላቸው። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ተመልሼ ሥራ ፈት ነበርኩና ከሰዓት ከሰዓት እየሄድኩ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አክስቴ ያንቲና ትራሳቸው ላይ እንዳሉ ጠየቁ። «ሃርመን፣ አራተኛው መዝሙር ጋ መቼ ነው የምንደርሰው?»

እናታቸው በልጅነታቸው ሲያስተኟቸው ያነቡላቸው የነበረ ነው፤ በሰላም ስለ መተኛት የሚናገር አጭር መዝሙር። አጎቴ ሃርመን እርሳስ አነሡ። ተራው ሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ ዐሥር ላይ ነበር። ከዚያ ዕዝራ አለ፣ ነህምያ አለ፣ አስቴር አለች፣ አርባ ሁለት ምዕራፍ ኢዮብ አለ። ደመሩት። አንድ መቶ ስድስት ምዕራፍ ይቀራል። በቀን ሦስት ከሆነ ሠላሳ አምስት ቀንና አንድ ማዕድ ማለት ነው። እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ።

እናንተ የምታስቡትን እኔም አሰብኩ። «አጎቴ፣ ገለጥ አድርገው ቢያነቡላቸውስ?» አልኩ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ ሃምሳ አንድ ዓመት ይህችን ሴት የወደዳት ሰው በተራ የሚያነበው ሰው ነው» አሉ። «አሁን በመጨረሻው ሌላ ሰው ሆኜ ልሸኛት?»

መፍትሔውን ራሳቸው አገኙት። ሥርዓቱ ከእያንዳንዱ ማዕድ በኋላ አንድ ምዕራፍ ይላል፤ በቀን ስንት ማዕድ እንደሆነ ግን አይልም። ከዚያች ቀን ጀምሮ በቬልትማን ቤት በቀን ሰባት ጊዜ መብላት ተጀመረ። አልጋው አጠገብ ያለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል። ይጸለያል። አንድ ማንኪያ የተፈጨ ፖም ወደ አክስቴ ያንቲና አፍ ይገባል። ሳህኑ አንድ ስንዝር ይገፋል፣ አውራ ጣት ይጠረጋል፣ አንድ ምዕራፍ ይነበባል። ማንኪያው ይታጠባል። ከሰዓት ተኩል በኋላ እንደገና ጨርቁ ይነጠፋል። በየንባቡ መጨረሻ የቀረውን ይናገራሉ፦ «ዘጠና አንድ።» «ዘጠና።»

ከውጭ ያየው ያስቃል። እኔም አንድ ቀን ወጥቤት ሄጄ አፌን በፎጣ ይዤ ስቄያለሁ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ። ምክንያቱም እያንዳንዷ ማንኪያ ታማቸው ነበር። ሲውጡ የአንሶላውን ጠርዝ በጡጫቸው ይጨብጣሉ። አጎቴ ሃርመን ማንኪያውን ሊያጥቡ ወጣ ባሉበት፣ አክስቴ ያንቲና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «እንዲደርስ ነው የምውጠው» አሉኝ።

«ዝለል ይበሏቸዋ።»

«ብነግረው ይዘልልኛል። እኔ እሄዳለሁ፤ እሱ ግን ከዘለለው ጋር ይኖራል።»

እንግዲህ ሁለት ሰዎች አንዱ ለሌላው ሲል አንዲት ማንኪያ ላይ እንዲህ ሲሰቃዩ አየሁ፤ ማንኛቸውንም ማስቆም አልቻልኩም። በደኅና ቀን ሕግና ፍቅር አንድ ናቸው ሲባል ሰምቼ አሜን ብያለሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን አንድ መሆናቸው ነበር የሚያስፈራው።

በዘጠነኛው ቀን ፖሙ አልቀመጥ አለ። አክስቴ ያንቲና የሚችሉት የተሰባበረ በረዶ ብቻ ሆነ። አጎቴ ሃርመን ስልክ አነሡ።

«ፓስተር፣ በረዶ ምግብ ነው?»

እኔ አጠገባቸው ቆሜ የፓስተር ሮልፍን ትንፋሽ በስልኩ እሰማ ነበር። «አጎቴ ሃርመን፣ እባክዎ መዝሙሩን ያንብቡላቸው።»

«የጠየቅኩህ ስለ በረዶ ነው።»

«... ከታኘከ ምግብ ነው።»

በኋላ ፓስተሩ፣ በአገልግሎቴ ከሰጠሁት ፍርድ ሁሉ ያልተጸጸትኩበት ይህ ብቻ ነው ብሎኛል።

በበረዶ አስቴርን ጨርሰው ኢዮብን አጋመሱ። በፍጥነት ያነቡ ነበር፤ ግን አንድ ስም፣ አንድ የአባት ስም አልዋጡም። ዐሥራ ሦስተኛው ቀን ሲመሽ ኢዮብ ሃያ ዘጠኝ ተነበበና «ዐሥራ ሰባት» አሉ። በማግሥቱ ሐሙስ አክስቴ ያንቲና በረዶም መቀበል አልቻሉም። ከንፈራቸውን ያረጠብንበት ውሃ በጉንጫቸው ወረደ። ማዕድ የለም፤ ስለዚህ ንባብ የለም። አጎቴ ሃርመን የተዘጋውን መጽሐፍ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እጃቸውን በላዩ ጭነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ተቀመጡ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትቻቸው ስወጣ አልተነቃነቁም። አርብ ጠዋት አክስቴ ያንቲና ማረፋቸውን ሰማሁ።

ቀበርናቸው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሳንድዊች በላን። በሁለተኛው እሑድ፣ ሕጉ ተነቦ እንዳበቃ፣ አጎቴ ሃርመን ከመቀመጫቸው ተነሡ። በድሮ ጊዜ በግልጥ የበደለ ሰው እንዲህ በጉባኤ ፊት ይናዘዝ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያህል ግን ማንም አልተነሣም። ፓስተር ሮልፍ አስቀድሞ ሊያስቀራቸው ለምኗቸው ነበር፤ «ለዚህ?» ሲላቸው፣ «ለዚህ ካልሆነ ለምን?» ብለውታል።

«ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ ማዕድ ሳይኖር፣ መጽሐፉን ገለጥኩ» አሉ። «ዐሥራ ሦስት የኢዮብ ምዕራፎችና ሦስት መዝሙሮች ዘለልኩ። ያ ሥርዓት የእኔ እንጂ የእግዚአብሔር አይደለምና በእሱ አልከሰስም። ነገር ግን ሚስቴን፣ ያንቲና፣ ኢዮብ አለቀ፣ በተራችን ደረስን፣ አልኳት። ዋሸኋት። ይህን የሚከለክለው የእኔ ሥርዓት አይደለም። የምትቀጡኝን ቅጡኝ።»

ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይጠርግ ጀመር። ከአገልግሎቱ በኋላ ተሰልፈን አቀፍናቸው። «ፍቅር ነው እኮ፣ አጎቴ» አላቸው ዳውዋ። ሌላውም እንዲሁ። እስከ ማክሰኞ ድረስ ሰባት ኬክ ደጃፋቸው ላይ ተቀመጠ፤ አንዱ የእናቴ ነበር። ቅጣት ለመኑን፤ ኬክ ሰጠናቸው።

«ፍቅር አትበሉት» አሉ ኬክ ላመጣላቸው ሁሉ። «እውነቱን ብነግራት ይሻል ነበር ወይ ካላችሁኝ፣ አላውቅም። ውሸቱን ግን ስሙን አትለውጡለት።» በዚያው ሳምንት የሽማግሌነት ሹመታቸውን ለቤተ ክርስቲያኑ መለሱ።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። እሑድ መጥተው የኋለኛው መቀመጫ ላይ ይቀመጣሉ፤ ንባቡ ዘጠነኛው ትእዛዝ፣ በሐሰት አትመስክር የሚለው ላይ ሲደርስ ወለሉን ያያሉ። ሐይቁ ዳር የሚቆም የለም። ባለፈው በጋ ልጆቹ እስከ አንገታቸው ገብተው ሲዋኙ ቆሜ አየሁ፤ ማንም ምንም አላላቸውም። ይህ ነጻነት ነው መሰለኝ። እኔን ግን ማንም የማይጠብቀው ቤት ውስጥ የገባሁ ያህል በረደኝ።

በቀን ሦስት ጊዜ፣ ብቻቸውን ከበሉ በኋላ፣ መጽሐፉን ወደ ራሳቸው ይስባሉ፤ አይገልጡትም። ምልክቷ ክር ኢዮብ ሃያ ዘጠኝ ላይ ናት። ከሠላሳኛው ቢቀጥሉ ምንም እንዳልሆነ ያህል ይሆናል፤ ከአምስተኛው መዝሙር ቢቀጥሉ ውሸቱን በተራ ያጸኑታል። መውጫውን እኔም ብዙ አስቤበታለሁ፤ አላገኘሁትም። አንድ ምዕራፍ ለማንበብ የሚፈጀውን ያህል ይቀመጡና ሳህናቸውን ሊያጥቡ ይነሣሉ። እኔም አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ ብዬ ሄጄ ሳልጠይቅ የተመለስኩት ስንት ጊዜ ነው።

ዘንድሮ ቤተ ክርስቲያናችን መቶ ዓመት ሞላትና መጽሐፍ ይታተም ተባለ። ስለ አጎቴ ሃርመን የሚጻፈው ለእኔ ደረሰኝ። ረቂቁን ይዤ ምሳ ሰዓት ሄድኩና ወጥቤታቸው ተቀምጬ አነበብኩላቸው። እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ሰሙ።

«ለምጹ ሃምሳ ዘጠኝ ቁጥር ነው፤ ሃምሳ አይደለም።»

«አስተካክለዋለሁ። ስለ ሐይቁ ያለውን ላውጣው?»

«እውነት ነው፤ ይቆይ።»

«ኑዛዜውንስ?»

«እሱማ ከሁሉ በፊት ይጻፍ።»

ወረቀቴን አጣጠፍኩ። ልሄድ ተነሥቼ፣ ሦስት ዓመት ልጠይቅ የፈራሁትን ጠየቅኩ። «አጎቴ፣ መዝሙሩን አክስቴ ያንቲና ሰምተውት ነበር?»

ነገሩኝ። ነግረውኝ ሲጨርሱ ፊታቸው ላይ የሆነውን መጻፍ አልችልም።

«ይህን ግን ተዪው» አሉኝ።

«ለምን፣ አጎቴ?»

«ኃጢአቴን ያቀልለዋል። ሰው እሱን ያነብና ፈገግ ይላል፤ ፈገግ ሲል ሕጉን ይረሳል።»

«እሺ» አልኩ። ለሰው ሁሉ እሺ ባይ ነኝ። እሺ ብዬ አለማድረግ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ከእሳቸው ተምሬያለሁና ስሙን አልለውጥለትም።

ያን ሐሙስ አመሻሽ የመዝሙሩን ስምንቱንም ቁጥር አንብበው ቀና ሲሉ አክስቴ ያንቲና ዓይናቸውን ገልጠው ያይዋቸው ነበር። «ሃርመን» አሉ፣ «ኢዮብ እኮ ገና ዐሥራ ሦስት ምዕራፍ ይቀረዋል። ግድ የለም፣ እኔ አልመሰክርብህም። እስቲ ድገምልኝ።»